የዶክተር ሲድራ ዋስ

ቡራዩ ውስጥ ልጁ ታሞበት ዶክተር ሲድራ ዘንድ የሄደ ወላጅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ መድኃኒት አዝዛ ብቻ አትለቅህም። "በል እሺ፣ አሁን የነገርኩህን ደግሞ አንተ ንገረኝ" ትላለች። ሹፌር ሁን፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሁን፣ አምስት ልጅ ያሳደግሽ እናት ሁኚ፣ ለሷ ያው ነው። ሽሮፑ በምን ይለካል? ምን ምልክት ስታዪ ነው ልጁን ይዘሽ የምትሮጪው? አስተካክለሽ እስክትመልሺ ድረስ ከዚያ ወንበር መነሣት የለም። የክሊኒኩ ሰዎች "ዶክተር መልሰህ ንገረኝ" የሚል ስም አውጥተውላታል። ስሙን ታውቀዋለች፤ ትስቃለች እንጂ አትቆጣም። ሰው ሐኪም ፊት ተቀምጦ አዎ አዎ የሚለው ስለገባው ሳይሆን አልገባኝም ማለት ስለሚያፍር ነው ባይ ናት።

እንግዲህ ዘጠኝ ገጽ ውል አንድ መስመር ሳታነብ የፈረመችው ይህችው ሴት ናት።

ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ። ሲድራ ተወልዳ ያደገችው ጉለሌ ነው። አባቷ ሙስሊም፣ እናቷ ክርስቲያን፤ ቤታቸው የሁለቱም ዓመት በዓል የማይታለፍበት ቤት ነበር። አባቷ ካረፉ በኋላ የከተማው ኪራይ አላስቀምጥ ሲል፣ እናቷ ወይዘሮ ድንቅቱ የልብስ ስፌት መኪናቸውን አስጭነው ቡራዩ ገቡ፤ ኦቦ ደገፋ ግቢ ውስጥም ሁለት ክፍል ተከራዩ። ሲድራ ያኔ ገና የሕክምና ተማሪ ናት።

ኦቦ ደገፋ ብሎኬት አምራች ናቸው። የሚኖሩበትን ቤት ራሳቸው ባመረቱት ብሎኬት ነው የሠሩት፤ ዛሬ ልጃቸው ኡርጂ ከነልጆቿ አብራቸው ትኖርበታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር የጄኔሬተራቸውን ገመድ በሲድራ መስኮት ያስገቡላት ነበር፣ እንድታጠና። ስትመረቅ በግ ጥለዋል። ኪራይ ጨምረው አያውቁም ብል ግን ዋሸሁ፤ ጨምረዋል፤ ሲጨምሩ ግን ይቅርታ እየጠየቁ ነው።

ሲድራ ጠቅላላ ሐኪም ናት። ምኞቷ የሕፃናት ስፔሻሊስት መሆን ነው። ክሊኒኩ ውስጥ ሕመሙ ጠንከር ያለ ሕፃን ሲመጣ የሷ ሥራ ወረቀት ጽፎ ወደ አዲስ አበባ መላክ ነው። ከዚያ አስኮ ላይ መንገዱ ይዘጋል። ልጇን ታቅፋ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠችውን እናት እያሰበች የሚቀጥለውን በሽተኛ ታያለች። "እኔ እኮ ፖስተኛ ነኝ" ትላቸዋለች እናቷን፤ "ልጆቹን እቀበላለሁ፣ አድራሻ ጽፌ እልካለሁ።" የመንግሥቱን የስፔሻሊቲ ፈተና ሞክራ ነበር፤ አልፋ ቦታ አጣች። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ያንገበግባታል።

በዚህ መሀል ነው የሰበታው ነገር የመጣው። ሰበታ መግቢያ ላይ አዲስ የግል ሆስፒታል ተከፍቷል። ባለቤቱ አቶ ሀብተወልድ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲሚንቶና ብረት በከባድ መኪና ሲያመላልሱ ኖረው፣ በስተርጅና "ደግሞ ሰው የሚጠቅም ነገር ልሥራ" ብለው የገቡበት ነው። የሕፃናት ሐኪም ይፈልጋሉ፤ በገበያው ላይ ግን የለም። ስለዚህ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ራሳቸው ሊያስተምሩ ቆረጡ። ደመወዝ እየከፈሉ ያስተምራሉ፤ ሐኪሟም ስትጨርስ ለተወሰነ ዓመት እሳቸው ዘንድ ታገለግላለች። አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ቤት ያለው ዋስ።

ሲድራ ይህን ሰምታ ቅዳሜ ዕለት ሄደች። አቶ ሀብተወልድ ከወንበራቸው ተነሥተው ነው የተቀበሏት። "ነይ ልጄ፣ ግቢ" አሏት። ለስላሳ አስመጡ። የእናቷን ጤና ጠየቁ፣ ቡራዩ ውኃ ይመጣል ወይ አሉ፣ ሱሉልታ ላይ ሊከፍቱ ስላሰቡት ቅርንጫፍ አወሩላት። ከዚያ ውሉን ከፊቷ አስቀምጠው እስክሪብቶውን ከፍተው ሰጧት። ከፍተው ነው የምላችሁ! እኚህ አባት የሚያህሉ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጠው እያዩሽ፣ ለስላሳቸውን እየጠጣሽ፣ ዘጠኝ ገጽ አንድ በአንድ ልታነቢ? አላምንዎትም ማለት እኮ ነው። ሲድራን ይሉኝታ ያዛት። ገጾቹን ያነበበች ለመምሰል ገለጥ ገለጥ አደረገችና፣ በየገጹ ግርጌ ፈረመች። የዋሱ ቦታ ብቻ ባዶ ቀረ።

ማታውን ኦቦ ደገፋ ዘንድ ገባች። ዋስ ፈልጌ ነው ስትል አላስጨረሷትም።

"ሌላ ሰው ልትጠይቂ ነበር እንዴ?" አሉ።

"ቤቱን ነው እኮ የሚያሲዙት።"

"ታዲያስ። አንቺ ልጄ አይደለሽም?"

ወዲያው ተነሥተው ጓዳ ገቡና የቤቱን ካርታ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ይዘው መጡ። ሲዘረጉላት እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሐኪም አይደለች? አየች። ሮጣ መለኪያዋን አመጣችና ክንዳቸው ላይ ጠቀለለች፤ ግፊታቸው ከፍ ብሏል። "ጨው ያቁሙ" አለቻቸው፤ "በየጊዜው እለካዎታለሁ።" ኡርጂንም ጠርታ አስጠነቀቀች፤ እንደ ልማዷም መልሳ አስነገረቻት። ኦቦ ደገፋ "ቶሌ፣ እሺ" ብቻ ነው ያሉት።

ሰኞ ጠዋት ተያይዘው ውልና ማስረጃ ሊሄዱ ተቀጣጠሩ።

እሑድ ከሰዓት ሲድራ ውሉን ይዛ ወደ ብሎኬቱ ሜዳ ወጣች። ኦቦ ደገፋ በተደረደረው ብሎኬት መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያልደረቀውን ውኃ ያጠጣሉ።

"ምን ይዘሽ መጣሽ፣ ኢንታላ ኮ?" አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

"ውሉን ላስረዳዎት ነው።"

"ምኑን ነው የምታስረጂኝ? እፈርማለሁ አልኩ እኮ።"

"አንቱ፣ እኔ ሰው ሳላስረዳ አላስፈርምም። የአንድ ልጅ ቁስል ሊሰፋ ሲል እንኳ አባቱን አስቀምጬ ምን ሊደረግ እንደሆነ አስረድቼ፣ መልሼ አስነግሬ ነው የማስፈርመው። አንቱን ዝም ብዬ ላስፈርም?"

እዩልኝ እንግዲህ። ለሳቸው ስትል ነው እንጂ ለራሷስ ትዝም አላላት። ጎናቸው አንድ ብሎኬት አጋድማ ተቀመጠችና ማንበብ ጀመረች። ደመወዙን አነበበች፤ የአገልግሎቱን ዘመን አነበበች። "ድርጅቱ በሚመድበው በማንኛውም ቦታ" የሚል ሲመጣ ትንሽ ቆም አለች፤ የሱሉልታው ቅርንጫፍ ትዝ አላት። አለፈችው። ኦቦ ደገፋ ሊቀልዱባት እያንዳንዱን መልሰው ይነግሯታል። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ደረሰች። ድምፅዋ እያነበበ ነው፤ ልቧ ግን ከኋላ ነው የደረሰው፦

"ሠራተኛው በስምሪት ላይ ሳለ የተረከበው ማንኛውም ነገር ቢጎዳ፣ ቢሰበር ወይም ከጥቅም ውጭ ቢሆን፣ ሠራተኛውና ዋሱ በአንድነትና በነጠላ ሙሉ ኃላፊ ይሆናሉ።"

መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ለራሷ ደግማ አነበበችው። ኦቦ ደገፋ የውኃውን ጎማ ጣሉት።

"ይኼኛውስ ምን ይላል?"

"የተረከብኩት ነገር ቢሰበር እኔም አንቱም እንከፍላለን ይላል።"

"የምን ዕቃ?"

"ዕቃ አይልም። ማንኛውም ነገር ነው የሚለው። እኔ እዚያ ቤት የምረከበው ደግሞ ልጆችን ነው ኦቦ ደገፋ። የታመሙ ልጆች።"

"ቢሆንስ? አንቺ ልጅ አትሰብሪም።"

ሲድራ ልትስቅ ፈልጋ አቃታት። "እኔ አልሰብርም። በሽታ ግን ይሰብራል። ጥሩ ሐኪም እጅ ላይም ልጅ ይሞታል። ያን ቀን ወዴት ነው የሚመጡት? ወደዚህ ቤት ነው የሚመጡት።" በአገጯ ወደ ቤቱ አመለከተች። ኡርጂ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ የትንሿን ልጇን ጸጉር ትሠራለች።

ይኼን የሰሙት ሰው ደንግጠው ይመለሳሉ ብላችሁ ጠብቃችሁ ከሆነ ኦቦ ደገፋን አታውቋቸውም። ተቆጡ እንጂ። "ለእድሩ ሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ። ሲድራን የማስተምራት እኔ ነኝ ብያለሁ። አሁን ደገፋ ፈርቶ ተመለሰ ይባል?"

"እኔ ነኝ የፈራሁት። እሷ ናት የተመለሰችው ይበሉ።"

"እኔ እፈርማለሁ።"

"አይፈርሙም" አለችና ወረቀቱን ይዛ ተነሣች። ወደ ክፍሏም ገባች። ነገሩ ግልጽ ነው፤ እሳቸው ካልፈረሙ ትምህርቱ የለም፤ ከፈረሙ አንድ ክፉ ቀን ቤታቸው ይሄዳል። ከሁሉ የሚያሳርራት ደግሞ የራሷ ፊርማ በየገጹ ግርጌ ቁጭ ብሎ ማየቷ ነው። የትምህርት ምዝገባው ሊዘጋ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ጭንቅ ጥብብ አላት።

ለሊሊ ደወለችላት። ሊሊ የሁለተኛ ደረጃ ጓደኛዋ ናት፤ ጠበቃ ሆናለች። አንቀጹን አነበበችላት።

"ዌት ዌት፣ ድገሚልኝ" አለች ሊሊ። ደገመችላት። "በአንድነትና በነጠላ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? አንቺን ሳይነኩ ሙሉውን ከሳቸው ብቻ መጠየቅ ይችላሉ ማለት ነው። ደግሞ ዋስትና ጣሪያ አለው፤ ዋሱ እስከዚህ ድረስ ነው የሚጠየቀው የሚል በጽሑፍ መቀመጥ አለበት። አለ?"

"የለም።"

"አንቺ አልፈረምሽም አይደል?"

ሲድራ ገጹ ግርጌ ያለውን ፊርማዋን በጣቷ ሸፈነችው።

"ሲዱ? እናቴን የጉንፋን ሽሮፕ ሦስት ጊዜ ያስደገምሻት አንቺ አይደለሽ እንዴ? ሳታነቢ?"

"ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሉኝ እኮ ሊሊ። ልጄ አሉኝ።"

ሊሊ በስልኩ ውስጥ ስትተነፍስ ተሰማ። "እሺ። የመጨረሻውን ገጽ አንብቢልኝ። ውሉ ከመቼ ጀምሮ ይጸናል ይላል?"

ሲድራ ገለጠች። "ይህ ውል ዋሱ ፈርሞ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል።"

"ተርፈሻል" አለች ሊሊ። "አልገባሽበትም ገና። ነገ ሂጂና ይህን አንቀጽ እንዲያስረዱሽ ጠይቂያቸው። አትክሰሻቸው፤ ጠይቂ ብቻ።"

ሲድራ ስልኩን ዘግታ አልጋው ላይ በጀርባዋ ወደቀች። እፎይ ያለችው ግን በግማሽ ነው፤ ግማሹ ሰበታ ነው ያለው።

ሰኞ ከቡራዩ አስኮ፣ ከአስኮ አየር ጤና፣ ከዚያ ሰበታ። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምትል ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። ይህን ዕድል በገዛ እጇ የምታበላሸው መሰላት። ሰውየው ይቀየሟታል፤ "ሌላ ሐኪም አጣሁ እንዴ" ይላሉ፤ እሷም ወደ ፖስታ ቤቷ ትመለሳለች።

አቶ ሀብተወልድ ዛሬም ከወንበራቸው ተነሡ። ዛሬም ለስላሳ መጣ። ሲድራ ግን ለስላሳውን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና ውሉን አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ገልጣ ከፊታቸው አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ዋሴ ይህን ሲጠይቁኝ መመለስ አቃተኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላነብ ነው የፈረምኩት። እባክዎ ያስረዱኝ፤ ከዚያ እኔ መልሼ እነግርዎታለሁ።"

አቶ ሀብተወልድ መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡ።

"ስምሪት" አሉ ቀስ ብለው። "ስምሪት የሚል ቃል እዚህ ምን ይሠራል?"

"እኔም የምጠይቀው እሱን ነው።"

"ይኼ የሹፌሮቼ ውል ነው እኮ!"

አቶ ሀብተወልድ ውሉን ወደ መጀመሪያው ገጽ መልሰው ገለጡት።

"ጸሐፊዋን ለሐኪሞቹ ውል አዘጋጂ ብያት ነበር። ሹፌር የሚለውን ሠራተኛ ብላ ነው ያለፈችው። ተረከበ የሚለው ጭነቱን ነው፤ ሲሚንቶውን።"

"አንቀጽ አሥራ ሰባትንም አይቼዋለሁ" አለች ሲድራ፤ ድምፅዋ ትንሽ ተፈታ። "ያልተፈቀደለት ሰው አሳፍሮ የተገኘ ይሰናበታል ይላል። መቼም ሰው ሳላሳፍር እሠራለሁ።"

አቶ ሀብተወልድ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ስቀው ሳይጨርሱ ግን ፊታቸው ተለወጠ። "ከአንቺ በፊት የፈረሙ ሐኪሞች አሉ። አንዱም አልጠየቀኝም።"

"ከወንበርዎ ተነሥተው ነዋ የሚቀበሉን።"

ይህን ሲሰሙ ወደ ኋላቸው ተደግፈው የልባቸውን አወሩ። አንድ ሐኪም ነበር፤ ለአጭር ሥልጠና ውጭ ልከውት እዚያው ቀረ፤ ደውሎም አያውቅ። "ዋስ የምለው ለዚህ ነው። ቤት ልበላ አይደለም። አስተምሬሽ ጥለሽኝ እንዳትሄጂ ነው የምፈልገው።"

"እሱን ይጻፉት ጋሼ። እሱን እፈርማለሁ።"

ከዚያ በኋላ ያለው እንደ ሰው ሆኖ መነጋገር ነው። ሳላገለግል ከሄድኩ ዋሴ የሚጠየቁት ለኔ ትምህርት የወጣውን ብቻ ይሁን፤ ጣሪያውም ይጻፍ፤ ባገለገልኩ ቁጥር እየቀነሰ ይሂድ አለች። እሺ አሉ። በሕክምና ጊዜ በታካሚ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሆስፒታሉ ለሐኪሞቹ ኢንሹራንስ ይግባ አለች። እዚህ ላይ ፊታቸውን አጨፈገጉ፤ መኪኖቻቸው ሁሉ ኢንሹራንስ እንዳላቸው ስታስታውሳቸው ግን ተሸነፉ። ሱሉልታን በቀላሉ አልለቀቁም፤ "አንድ ቀን ብፈልግሽስ?" አሉ። ሱሉልታ የሚሆነው ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ነው በሚለው ተግባቡ። ጸሐፊዋ ተጠራችና የፈረሙት ሐኪሞች ሁሉ ውላቸውን ለማስተካከል እንዲጠሩ ታዘዘች። አዲሱን ውል ጠበቃ እንዲያየው ተባለ፤ ሲድራም ምዝገባው እንዳያልፋት የድጋፍ ደብዳቤዋን ያኔውኑ ተቀበለች።

ከበሩ ስትወጣ የሰበታ ነፋስ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈው። አስፋልቱ ዳር ቆማ ብቻዋን ሳቀች። እንባም መጣባት። ደስ ብሏት ነው።

አዲሱ ውል ሲደርስ እንደገና ብሎኬቱ ሜዳ ላይ ተቀመጡ። በዚያ መሀል ኦቦ ደገፋ ያለ ጨው ሲበሉ ነው የሰነበቱት፤ ኡርጂ የሲድራን ትእዛዝ እንደ ሕግ ነው የያዘችው። ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ድንቹ ሁሉ አልጫ ከአልጫም አልጫ ሆኖባቸው አንድ ቀን ጎረቤት ገብተው ጨው ሲልሱ ተይዘዋል ይባላል። እኔ አላየሁም። ሲድራ አነበበች፤ እሳቸው አንድ በአንድ መለሱላት። አልተሳሳቱም። በማግስቱ ውልና ማስረጃ ሄደው ፈረሙ፤ እጃቸው ፍንክች አላለም።

ከዚያ ሲመለሱ ሲድራ ደጃፉ ላይ አስቀምጣቸው ግፊታቸውን ለካች። ደግማ ለካች። ወርዷል።

"ጨው ማቆምዎ ረድቶዎታል" አለቻቸው፤ ኮራ ብላ።

"ጨው አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው?"

ኦቦ ደገፋ ወደ ብሎኬቶቻቸው አዩ። "ያን ቀን ካርታውን ሳወጣልሽ ፈርቼ ነበር። ኡርጂንና ልጆቿን አሰብኩ። አንቺን ደግሞ እንቢ ማለት አልችልም። እጄ ሲንቀጠቀጥ አየሽ። አሁን ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አንቺ ጨው ከለከልሽኝ።"

አገሩን ሁሉ መልሰህ ንገረኝ የምትለው ሴት፣ እኚህን ሰው "ምን ሆነዋል?" ብላ አልጠየቀቻቸውም። እሳቸውም አልነገሯትም። ሁለቱም አንዱ አንዱን እንዳያስቀይም ብለው ቤቱን ሊያስወስዱት ነበር። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ አፏ ግን ይስቃል።

"ምነው ቢነግሩኝ?"

"አንቺስ ምነው ብትጠይቂኝ?"

መለኪያውን ከክንዳቸው ፈታች፤ እጃቸውን ግን አልለቀቀችም። "እሺ፣ ዛሬ እኔ ልመልስልዎት። ፈርተው ነበር። ቤቱንም ሰጥተውኝ ነበር። አሁን ግን አይፈሩም።"

"አሁን በትክክል መለስሽ" አሉ ኦቦ ደገፋ። ከዚያ ወደ ቤቱ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። "ኡርጂ፣ ዶክተሯ ፈቅዳለች። ጨዉን አምጪው።"

ኡርጂ በሩ ላይ ብቅ ብላ ሲድራን አየች፤ ሲድራም በጣቶቿ ቆንጠር አድርጋ ትንሽ ብቻ የሚል ምልክት አሳየቻትና ራሷን በእሺታ ነቀነቀችላት።